ጭነት የሌለው ግመል

በታኅሣሥ ወር ኦስሎ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። አውቶቡስ ነጂ ስለሆንኩ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እገባለሁ። የቀረውን ጊዜ ለዓመታት የገደልኩት ስልኬ ላይ የአገር ቤት ዜና እያነበብኩ በመናደድ ነበር። ባለቤቴ አንድ ማታ "አንተ ሰውዬ፣ ለእጅህ ሥራ ፈልግለት" አለችኝ። እንጀራ መጋገር እንድማርላት አስባ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው።

እኔ ግን የባለ አራት እግር ተራማጅ መኪና ትንሽ ሞዴል መሥራት ጀመርኩ።

ነገሩ የመጣው በልጆቼ በኩል ነው። አንድ እሑድ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1980ውን የስታር ዋርስ ፊልም አብረን አየን። በበረዶ ሜዳ ላይ ሕንፃ የሚያህሉ የጦር መኪኖች በአራት እግር እየተራመዱ ይመጣሉ። ወደ ፊት የተቀሰረ ጭንቅላት፣ ከመሬት የራቀ ሆድ፣ የማይቸኩል እርምጃ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲያዩ እኔ "ይህማ የድሬዳዋ ግመል ነው!" ብዬ ሳቅኩ። ማንም አልሳቀልኝም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ስለ አሠራሩ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የበረዶው ቦታ እዚሁ ኖርዌይ ውስጥ ነው፤ ፊንሴ በሚባል የባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ በማርች 1979 ተቀርጿል። ፊንሴ 1,222 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ መኪና የማይደርስበት ቦታ ነው። ሄጄ አየሁት። የተወለድኩባት ድሬዳዋም የባቡር ልጅ ናት፤ በከፍታም ከፊንሴ ብዙ አትርቅም። አንዱ የበረዶ ቋት፣ ሌላዋ ምድጃ! ባቡሩን ስጠብቅ ጆሮዬ እየቀዘቀዘ በዚህ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ። መኪኖቹ ግን ፊንሴን አልረገጡም። አሜሪካ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠሩ፣ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሞዴሎች ነበሩ። ሠሪዎቹ እግራቸውን በእጅ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ አንድ አንድ ምስል ያነሷቸዋል፤ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይበላል። ከሥራቸው የተነጠፈው በረዶ ዳቦ ላይ የምንጨምረው ሶዳና እንደ ዱቄት የደቀቀ የመስታወት አረፋ ነው። አረማመዳቸውንም የቀዱት ከዝሆን ነው። ይህችን የዝሆን ነገር ያዙልኝ።

ክፍሎቹ ተዘጋጅተው በካርቶን የሚሸጥ የሞዴል መገጣጠሚያ አለ። ያንን መግዛት ግን አልፈለግኩም። በልጅነታችን መኪና የሠራነው ከሽቦ ነበር፤ ጎማው ካለቀ ሸበጥ ይቆረጣል፣ መብራቱ ቆርኪ ነው። አባቴ በምድር ባቡር ጋራዥ ቶርኖ ላይ የኖረ ሰው በመሆኑ ሽቦዬ ሲንጋደድ አይቶ ማለፍ አይችልም ነበር፤ ፒንሳውን አንስቶ ያቃናዋል። ስለዚህ ከባዶ ልሠራ ወሰንኩ። ንድፉም የራሴ ነው።

ዋናው ዕቃ ፖሊስታይሪን የሚባለው ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ላሜራ በዝርግ ይሸጣል። ለሆዱ የ1 ሚሊ ሜትር፣ ለላይ ሽፋኑ የግማሽ ሚሊ ሜትር ወሰድኩ። ፕላስቲኩ እስኪበጠስ በቢላዋ አይቆረጥም። ማስመሪያ ይዘህ ሁለት ጊዜ ትጭረዋለህ፣ ከዚያ ስታጥፈው ጧ ብሎ በመስመሩ ይሰበራል። ማጣበቂያውም ሁለቱን ጠርዞች አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሲደርቅ እንደ ብየዳ ነው። ሽታው ግን ራስ ያዞራል። በረዶ እየወረደ መስኮት ከፍቼ የተቀመጥኩባቸውን ሌሊቶች ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሣቸዋለች።

ገንዘብ ልቆጥብ ብዬም የእርጎ ኩባያ ሰብስቤ ነበር። በእነርሱ የሠራሁት የጀርባ ታንከር በሦስተኛው ቀን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተላቆ ጠበቀኝ። ለካ ኩባያው ከሥሩ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ቁጥር አለው። 6 ከሆነ ፖሊስታይሪን ነውና ይያዛል፤ 5 ከሆነ ሌላ ፕላስቲክ ነው፣ ማጣበቂያው ላዩ ላይ ይደርቃል እንጂ አይነካውም። አሁን ቁርስ ላይ እርጎ የሚመረጠው በጣዕሙ አይደለም።

ከሁሉ የምወደው ግን ትርኪ ምርኪውን መለጠፍ ነው። ለስላሳ ሣጥን የቱንም ያህል ብታሳምረው ሣጥን ነው። በላዩ ላይ ቧንቧ፣ ክዳን፣ ቡሎን፣ መሰላል ስትደረድርበት ዓይን ይታለልና ግዙፍ ያደርገዋል። የፊልም ሞዴል ሠሪዎች ይህንን ያደርጉ የነበረው የታንክና የአውሮፕላን መገጣጠሚያዎችን እየገዙና እየበታተኑ ነው። እኔም የልጄን የተረፈ የታንክ ጎማ፣ የሞተ ማውስ ሆድ ዕቃ፣ የእስክሪብቶ ቀለበት ተጠቀምኩ። በጎኑ ላይ የጥፍር ግማሽ የምታህል በር ሠርቼለታለሁ፤ ያቺን በር ያየ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። በእርግጥ ቡና ሊጠጣ የመጣ አንድ ወዳጄ ድምፁን ሳይቀንስ "ይሸጣል?" ብሎ ጠየቀኝ። አይሸጥም ስለው በአዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በመጋቢት ቆመ። ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ግራጫ ቀለም ነፍቼበት ለአባቴ በስልክ አሳየሁት።

"አባዬ፣ ግመሌን እየው።" (ድሬዳዋ አባትን አንቱ ማለት አይታወቅም።)

መነጽሩን አደረገ። ዝም ብሎ ቆየና "ግመል እንዲህ አይረግጥም" አለ። "ይህ ሌላ እንስሳ ነው።"

ዝሆኑ ተያዘ! ሳላስበው የፊልሙን እርምጃ ሰጥቼው ኖሯል፦ አንድ እግር ብቻ ተነሥቶ ሦስቱ መሬት ላይ። ግመል ሲሄድ በአንድ ወገን ያሉትን የኋላና የፊት እግሮቹን አከታትሎ፣ አብረው ያህል ነው የሚያነሣው፤ ለዚህ ነው ላዩ ላይ ያለ ሰው እንደ ጀልባ የሚወዛወዘው። ችግሩ የቆመ ነገር ክብደቱ በረገጡት እግሮች መካከል ማረፍ አለበት። ሦስት እግር ሲረግጥ ክብደቱ የሚያርፍበት ሰፊ ሦስት ማዕዘን አለ። ሁለቱ የቀኝ እግሮች ከተነሡ ግን የሚቀረው በግራ ያለ አንድ ቀጭን መስመር ነው። ሕያው ግመል የማይወድቀው ቀጣዩ እርምጃ ስለሚደርስለት ነው። የእኔው ቀጣይ እርምጃ የለውም።

እግሮቹን በሴጌቶ ቆረጥኳቸው። ቀለም የተቀባ ሥራ መቁረጥ ጥርስ እንደ መንቀል ነው። አዲሶቹን እግሮች በፈለግኩት አኳኋን አያይዤ ተኛሁ፤ ጠዋት ቁርጭምጭሚቱ ተጣምሞ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘሁት። በሦስተኛው ሙከራ በግራ እግሮቹ ውስጥ የ3 ሚሊ ሜትር የነሐስ ዘንግ አሳልፌ ከታች ካለው ሳንቃ ጋር ሰፋሁት። የቀኝ የኋላ እግሩ አየር ላይ ነው፣ የፊተኛው በጣቱ ጫፍ መሬቱን ሊለቅ ነው። ማታለል መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘንጉ ግን አይታይም።

እንደገና ደወልኩ። አባቴ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ።

"እግሩስ ተስተካክሏል" አለ። "ጭነቱስ? ባዶውን ወዴት ነው የሚሄደው?"

እንጨት ተሸክሞ ወደ ገበያ ይሂድ ብዬ የክብሪት እንጨቶችን ራሳቸውን እየቆረጥኩ በጥቁር ቡና ነከርኳቸው። በግራ 40፣ በቀኝ 40 አድርጌ በክር አሰርኩለት። ግራው ትንሽ ከብዷል። ነገ ሁለት እንጨት ወደ ቀኝ አዞራለሁ።