የአባዬ ደም በዛ

ዛሬ አባዬን ይዤ ድሬ ላብራቶሪ ዋልኩ። እኛ ቤት የሚታወቀው ደም ማነስ ነው። የእሱ ግን ተገላቢጦሽ፣ ሄሞግሎቢኑ (ቀይ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 19.2 ሆነ። «ደም በዛ የሚባል በሽታም አለ?» አለ፣ ቅር ብሎት።

ሐኪሟ ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለካ አለች። በብዛት የሚመረተው ኩላሊት ውስጥ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ መቅኔውን «ቀይ ደም ሥራ» ብሎ ያዛል። ከፍ ካለ፣ አዛዡን ያስነሳው ምክንያት ይፈለጋል፤ ሳንባ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም። ዝቅ ካለ ግን መቅኔው ያለ ትእዛዝ በራሱ እየሠራ ነው ብለው ይጠረጥራሉ።

ናሙናው የሚላከው አዲስ አበባ ነው። የላብራቶሪው ልጅ ሴረም የሚባለውን ቢጫ ፈሳሽ ከደሙ ለይቶ በትንሽዬ ብልቃጥ አደረገው። የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በረዶ ካለበት ሳጥን ከተተው፣ በፕላስተር ጠቀለለው። የድሬ ሙቀት መቼ ፋታ ይሰጣል፤ ከሳጥኑ ጥግ ውሃ ጠብ አለ። አባዬ ዓይኑን ከጠብታው አልነቀለም።

«ሳይቀልጥ ይደርሳል?»

«አብሽሩ አባባ፣ በአውሮፕላን ነው» አለና ፈቶ በረዶ ጨመረበት።

ባጃጅ ውስጥ፣ ሕክምናው ደም መቅዳት ሊሆን ይችላል ስለው ሳቀ። «እናቴ በዋግምት ትቀዳልን ነበር፣ ያውም በነፃ!» ልከራከረው አልኩና ተውኩት። ሰባ ዓመት ሙሉ በደሙ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ አሁን ከአንዲት ብልቃጥ የሚወጣ ቁጥር ይጠብቃል።

ውጤቱ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እሱ ግን ከምሳ ጀምሮ «በረዶው ደርሶ ይሆን?» እያለ ነው።