መሪው ሲነዝር፦ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ በሞተር ሳይክል

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ከሆነ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ለጠጠርና ለጭቃ በተሠራ ሞተር ሳይክል ግን ሌላ ነገር ነው። በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ጨርሰህ ደሴ ስትገባ ጣትህ የራስህ አይመስልህም። ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ ማንኪያ ስታነሳ እጅህ ገና መንገድ ላይ ነው።

የኔዋ 250 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ናት። ገጠር ውስጥ የሚያህላት የለም። ወንዝ ትሻገራለች፣ ድንጋይ ትወጣለች፣ ብትወድቅም ተነስታ ትሄዳለች። አስፋልት ላይ ግን ትነጫነጫለች። ሥራዬ ደግሞ ከወልድያ ወዲያ ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ድረስ ያስገባኛል። ጠጠሩ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ደሴን አልፌ፣ ከዚያም 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ አስፋልት መጨረስ አለብኝ። መኪና ላይ ጭኖ መውሰድም አለ። ግን ሞተር ሳይክል እያለው ለሞተር ሳይክሉ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ደስ አይለኝም።

ስለ ንዝረት ላማከርኳቸው ሰዎች ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። ወፍራም ጓንት ግዛ፣ ስፖንጅ ያለው እጀታ አስገባ ይላሉ። ይሄ ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጩን በሻሽ እንደማሰር ነው። ትንሽ ይሞቃል፣ ጥርሱ ግን እዚያው አለ። እኔ በዚህ ጉዞ የፈለግኩት ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው። ለዚህ ደግሞ የወሎ መንገድ ተመቸኝ። ዳገት አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ ሜዳ አለው። እያንዳንዱ አንድ አንድ ነገር ያጋልጣል።

በሐረጎ እንጀምር። ጣሊያን በወረራው ዘመን አዲስ አበባን ከአስመራ ለማገናኘት የሠራው መንገድ ነው፤ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ክረምት ላይ ጉም ይወርድበታል። ያን ዕለት ጉም ባይኖርም ከፊቴ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ነበር። ጭሱን እየጠጣሁ በሁለተኛ ማርሽ ተከተልኩት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብሄድ ነው። መሪው ግን እጄ ላይ ይንዘፈዘፋል። በጎን መስታወቱ ሳይ ከኋላዬ ያለው አይሱዙ መብራቱ አራት ሆኖ ይታየኛል።

እዚህ ላይ ጎማን መጠርጠር አይቻልም። በዚህ ፍጥነት ጎማ ይህን ያህል አይነዝርም። ጥፋተኛው ሞተሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ውስጥ ላይ ታች የሚመላለሰው አንድ ፒስተን ብቻ ነው። በተቃራኒ እየሄደ ግፊቱን የሚያጠፋለት ሌላ ፒስተን የለም። ለዚህ ሲባል በብዙዎቹ ሞተሮች ውስጥ በተቃራኒ የሚዞር ማመጣጠኛ ዘንግ ይገባል። ዘንጉ ንዝረቱን ይቀንሳል እንጂ አይጨርሰውም። የተረፈው ደግሞ ከዙር ጋር፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ከሚዞረው ብዛት ጋር ይጨምራል፤ ያውም እኩል አይደለም። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ዙር መቀነስ ለእጅ ትልቅ እረፍት ነው።

ሐረጎ ላይ ግን ዙር መቀነስ በወሬ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። አንተ ደግሞ ማርሽ ትቀንሳለህ፣ ነዳጅ ትጨምራለህ። ንዝረቱ ይብሳል።

ደሴ ስደርስ ጦሳ ተራራ አናቱን ደመና ሸፍኖታል። የደሴን ብርድ የማያውቅ ሰው ስለ ጣት መደንዘዝ ባያወራ ይሻላል። ብርድ የጣትን የደም ሥር ያጠብባል። ንዝረትም እንደዚያው ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ጣት ነጥቶ ስሜት ያጣል። ዓመታት ሙሉ ድንጋይ በማሽን ሲበሱ የኖሩ ሠራተኞች ላይ ይሄ በሽታ ሆኖ ይቀራል። እኛ በአንድ ቀን መንገድ እዚያ አንደርስም። ቢሆንም ጣትህ ደንዝዞ ፍሬንና ፍሪሲዮን መያዝ ራሱ አደጋ ነው።

ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል።

"ጋሼ፣ መሪው እጄን ፈጀኝ" አልኳቸው።

"አብሽር ልጄ፣ እናየዋለን። አስነሳት እስቲ።"

አስነሳኋት። ሰውዬው መሪውን አልነኩም። ቁጢጥ ብለው ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ይነኩ ጀመር። አንዱ ላይ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ አንስተው አሳዩኝ። ጣታቸው ላይ የበርበሬ ቀለም ያለው ደቃቅ ዱቄት አለ።

"ይሄ አቧራ አይደለም። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚያወጣው ነው። ይቺ ቡሎን ላልታለች።"

ጠጋ ብዬ ሳይ እውነትም በዳዶው ዙሪያ ቀይ ክብ ተሠርቷል። ሌሎቹ ቡሎኖች ላይ ያለው ግን ተራ ግራጫ አቧራ ነው። ዳዶውን ፈቱት፣ አጸዱት፣ ክሩ ላይ እንዳይፈታ የሚያደርግ ማጣበቂያ ጠብ አድርገው መልሰው አጠበቁት። የቀሩትንም ሁሉ አዳረሱ። የመሪውን ኩሽኔታ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነቀነቁ አዩ፤ ደህና ነው። ካቴናው ትንሽ ወጥሮ ስለነበር አላሉት። ሰው የላላ ካቴና ብቻ ነው የሚፈራው። የተወጠረ ካቴናም ይነዝራል፣ ኩሽኔታም ይበላል።

ሥራቸውን ጨርሰው እኔን ተቀምጬ እንዳሳያቸው አዘዙኝ። መሪውን ያዝኩ።

"አየህ፣ አንቀኸዋል! ዶሮ ነው እንዴ የያዝከው? በጉልበትህ ታንኩን ያዝ። እጅህ መምራት ብቻ ነው ሥራው።"

ሳቅኩ። ግን ልክ ናቸው። መሪውን አጥብቆ የያዘ ሰው ንዝረቱን እስከ ትከሻው ይጋብዘዋል። ክርን ትንሽ ታጥፎ፣ የእጅ አንጓ ቀጥ ብሎ፣ ጣት ላላ ሲል ብዙው ነገር እዚያው መሪው ላይ ይቀራል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎቹንም ወደ ታች አዘነበሉልኝ፤ አንጓዬ ወደ ላይ እንዳይሰበር ነው።

ከደሴ ወደ ሐይቅ መንገዱ ይወርዳል። የቡሎኑ ለውጥ ወዲያው ይታወቃል። መስታወቱ ውስጥ የመኪና መብራት ወደ ሁለት ተመለሰ። የቀረውን ንዝረት ለመለየት ቀጥ ያለ ቦታ ጠበቅኩ፤ ከኋላዬም መኪና አልነበረም። ፍሪሲዮን ይዤ ሞተሩን ለአፍታ ወደ ዝቅተኛ ዙር አወረድኩት። ንዝረቱ ከጠፋ ከሞተሩ ነው፤ ከቀጠለ ከጎማ ነው ማለት ነው። አብዛኛው ጠፋ፤ ግን ስር ስሩን የሚያጉረመርም ነገር ቀረ። (ይህን ኩርባ ላይ የሚሞክር ሰው ቢገኝ እኔ የለሁበትም።)

ሐይቅ ከተማ ዓሣ በልቼ ሐይቁን ትንሽ አየሁ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። ጊዜ ያለው ሰው ይግባ፤ እኔ መንገድ ነበረብኝ።

ከሐይቅ ወዲያ ሱሉላ አካባቢ ሜዳ ነው። በሰዓት 70 ላይ ሆኜ አንዴ በአራተኛ፣ አንዴ በአምስተኛ ማርሽ ሄድኩ። የሞተሩ ንዝረት ማርሹን ተከትሎ ይለዋወጣል። የጎማው ግን ፍጥነቱ አንድ እስከሆነ ድረስ አይለወጥም። ያ ስር ስሩን የሚያጉረመርመው ነገር በሁለቱም ማርሽ ያው ነበር። የጎማው ጥርሶች ናቸው። የጭቃ ጎማ ትልልቅ ጥርስ አለው። እያንዳንዱ ጥርስ አስፋልቱን ሲመታ እጅህ ይሰማዋል። ጥርሶቹ አንድ ወገን ብቻ ሲበሉ ደግሞ ይብስበታል።

ውጫሌ ላይ ጎሚስታ ቤት ቆምኩ። በ1881 ዓ.ም. ምኒልክና ጣሊያን የተዋዋሉበት የይስማ ንጉሥ ቦታ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ልጁ ግን ለታሪክ ጊዜ የለውም።

"ብራዘር፣ ስንት ላድርገው?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠጠርና ጭቃ ላይ 12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) እጄን ያሳርፈኛል፤ ጎማው ድንጋዩን ይውጠዋል። በዚያ ልክ አስፋልት ላይ ብሮጥ ግን ጎማው ይዋልላል፣ ይግላል፣ ቶሎ ያልቃል። በጣም ከተነፋ ደግሞ እያንዳንዱን ጥርስ ወደ እጅ ይልከዋል። እኔ 20 አስደረግኩት። የራስህን ልክ መመሪያው ላይ አይተህ፣ በጫንከው ዕቃ መጠን ታስተካክላለህ። ልጁ ጎማውን በአየር ላይ አዙሮ ሲያየው ከበድ ያለው ወገን ሁልጊዜ ወደ ታች እየመጣ ይቆማል። ተቃራኒው ሽቦ ላይ ትንሽ እርሳስ ጠመጠመበት። የጭቃ ጎማ ሚዛን አይፈልግም የሚሉ አሉ። በ40 ኪሎ ሜትር ልክ ናቸው፤ በ80 ግን እጃቸውን ይጠይቁ።

ከዚያ ወዲያ ውርጌሳን፣ መርሳን፣ ስሪንቃን በሰላም አለፍኩ። መርሳ ላይ ሙቀቱ ከደሴ ጋር አንድ ክፍለ ሀገር አይመስልም። ጃኬት አውልቄ ፍራፍሬ ገዝቼ ቀጠልኩ።

ወልድያ ስገባ የቀረው አንድ የተወሰነ ዙር ላይ ብቻ ብቅ የሚል ንዝረት ነው። ከዚያ በታችም በላይም ደህና ነው። ይሄ የመሪው የራሱ ጠባይ ነው። መሪ ባዶ ቧንቧ ነው፤ የሚንቀጠቀጥበት የራሱ ልክ አለው። የሞተሩ ዙር ያን ልክ ሲያገኝ አብሮ ይዘፍናል። ጫፉ ላይ ክብደት ሲጨመር ልኩ ይወርዳል። ንዝረቱ አይጠፋም፤ ብዙ ወደማትቆይበት ዙር ይሸሻል። ቶርኖ ቤት ሄጄ ሁለት አጫጭር ወፍራም ብረቶች አስቆረጥኩ፤ እያንዳንዳቸው 200 ግራም አካባቢ ናቸው። በካላማዳሪያ ቁራጭ ተጠቅልለው በመሪው ሁለት ጫፍ በኃይል ገቡ፣ በቡሎንም ታሰሩ። ባለሙያው መሪው የሚታሰርበት ቦታ ላይም ካላማዳሪያ እናስገባ አለኝ። እምቢ አልኩ። እዚያ ላይ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ጎማ ያለው ማሰሪያ አለ። እሱ ከሌለ ብረት ለብረት ይታሰር። ፍሬን ስትይዝ መሪው ከተንሸራተተ ስለ ጣት መደንዘዝ ማሰብ ይቀራል።

የቀረው የፊት ጥርስ ጉዳይ ነው፤ ካቴናው የሚዞርባት ትንሿ። የኔዋ ባለ 13 ናት። በ14 ብትተካ 7,000 ዙር የነበረው በዚያው ፍጥነት 6,500 ይሆናል። ለሜዳው ግሩም ነው። ግን ሐረጎን ከነጭነቴ በዚያ ስወጣ አንደኛ ማርሽ ላይ እየተንገታገትኩ ነው። ገጠር ዳገት ላይማ አይነሳ። ሥራው ሁሉ አስፋልት ላይ የሆነ ሰው ይቀይራት። እኔ 13 ላይ ቆየሁ፤ ሜዳ ላይ በ80 ፋንታ በ70 እሄዳለሁ።

ከዚያው ሰፈር ያለ ዕቃ ሻጭ ያን ስፖንጅ እጀታ አወጣልኝ። ይዤ ሞከርኩት፤ ለእጄ ወፍራም ነው። ወፍራም እጀታ ለመያዝ ጉልበት ይፈልጋል፣ ክንድ ይደክማል፤ እጄ ትልቅ ቢሆን ምናልባት። መዳፉ ላይ ስስ ጄል ያለበት ጓንት ግን ገዛሁ። ስመለስ ደሴን ማለፌ አይቀርም፣ ብርዱንም አውቀዋለሁ። በነጋታው ጠጠሩ ጫፍ ላይ ቆሜ ጎማዎቹን ወደ 14 አስተነፈስኩና ገባሁ።