ለኩላሊት ምርምር የመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት ሁለት ጊዜ ያመለከትኩበት መንገድ

በኩላሊት ሕክምና ያደረግኩትን ልዩ ሥልጠና እንደጨረስኩ ለምርምሬ ገንዘብ የጠየቅኩት በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር የሚገኘውን፣ የስኳር፣ የምግብ መፍጫ አካላትና የኩላሊት በሽታዎችን የሚመለከተውን ተቋም ነው። የመረጥኩት ኬ23 የሚባለውን፣ ታካሚዎችን በቀጥታ እያሳተፉ ለሚመራመሩ ጀማሪ ሐኪሞች የተዘጋጀውን ድጋፍ ሲሆን፣ ይህም ቢበዛ ለ5 ዓመት የሚሰጥና ቢያንስ 75 በመቶው የሥራ ጊዜ ለምርምርና ለሥልጠና እንዲውል የሚያስገድድ ነው። (ኬ23 ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ የሌለው ሰው ኬ99 የሚባለውን ሌላ የጀማሪ ተመራማሪዎች ድጋፍ ቢመለከት ይሻለዋል።)

ስለ አመልካቹ የሚጻፈው ክፍልና የምርምር ዕቅዱ በአንድነት ከ12 ገጽ መብለጥ የለባቸውም። እኔ 9ኙን ለምርምሩ ሰጠሁ፤ ክሬቲኒን የሚባለው፣ ከጡንቻ ወጥቶ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ መጠኑ እንደ ሰው ጡንቻ ስለሚለያይ የኩላሊትን ጉዳት ብቻውን እንደማያሳይ በዝርዝር ሳስረዳ፣ በሥልጠና ልሞላው የሚገባኝን የራሴን የዕውቀት ጉድለት ግን አንድም ቦታ አልጠቀስኩም። ማመልከቻው በገምጋሚዎቹ ጉባኤ ለውይይት እንኳ ሳይቀርብ ቀረ። ከአስተያየቶቹ አንዱ ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ሥልጠና ለምን እንደሚያስፈልገው ይጠይቅ ነበር፤ በመጀመሪያ ቢያናድደኝም ጥያቄው ትክክል ነበር።

የተቋሙን የፕሮግራም ኃላፊ ማነጋገር ደጅ መጥናት ይመስለኝ ስለነበር እስከዚያ ድረስ አልደወልኩም። ኃላፊዋ ነጥብ አይሰጡም፤ ነገር ግን የገምጋሚዎቹን አስተያየት አብረውኝ ካነበቡ በኋላ ማስተካከል የሚቻለውን ከማይቻለው ለይተው ነገሩኝ።

በሁለተኛው ጽሑፍ ጉድለቴን ከጥናቱ ጋር አሰርኩት። የኩላሊታቸው አቅም በፍጥነት የሚወርድባቸው ታካሚዎች ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ስለሚጀምሩ ወይም ስለሚሞቱ ከክትትሉ ቀድመው ይወጣሉ፤ የቀሩትን ብቻ የሚለካ ተመራማሪ በሽታው ከእውነቱ ይልቅ ዝግ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ይህን የሚያርም የስታቲስቲክስ ስልት እንደማላውቅ በግልጽ ጻፍኩ፤ የት፣ ከማንና በስንተኛው ዓመት እንደምማረው አስቀመጥኩ፤ አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያም ሁለተኛ አማካሪዬ እንዲሆኑ ጠየቅኩ።

ብዙዎች ችላ የሚሉት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከሁሉ በላይ አደከመኝ። የክፍላችን ኃላፊ በመጀመሪያ የሰጡኝ ደብዳቤ «ድጋፉን ካገኘ ጊዜ እንሰጠዋለን» የሚል ነበር፤ ተቋሙ ግን መሥሪያ ቤቱ ለተመራማሪው የሚገባው ቃል በድጋፉ መገኘት ላይ እንዳይመሠረት ይፈልጋል። ደብዳቤው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ «ካገኘ» የሚለው ቃል ወጣ። የድጋፍ ምስክርነት የሚጽፉት ቢያንስ ሦስት ሰዎችም ከአማካሪዎቼ ውጭ መሆን ስላለባቸውና ደብዳቤያቸውን ራሳቸው ስለሚልኩ፣ ቀኑን ከሁለት ወር በፊት አስታወስኳቸው።

ሁለተኛው ማመልከቻ አለፈ። አሁን በዲያሊሲስ ክፍሉ ሰው ጎደለ ተብዬ ተጨማሪ ተረኛነት ስጠየቅ፣ ያንን ደብዳቤ አውጥቼ 75 በመቶ የሚለውን መስመር አሳያለሁ።