ካሮት የሚበላው ፈረስ

ኅዳር 26፣ ሌሊት

ልጆቹ ተኝተዋል። ሳሎኑን የስጦታ ወረቀት ቅዳጅ ሞልቶታል። ነገ የጠዋት ፈረቃ አለኝ፣ እንቅልፍ ግን ወዲያ ሄዷል። የዛሬው ማታ ሳይረሳኝ ልጻፈው።

እዚህ ሆላንድ ዛሬ የስጦታ ምሽት ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 5። ሲንተርክላስ ይመጣል ተብሎ የልጅ ዓይን ሁሉ ከበር አይነቀልም። ነጭ ጺም፣ ቀይ ካባ፣ ረጅም የጳጳስ ቆብ፣ በእጁ ጫፉ የተቆለመመ የወርቅ ቀለም በትር። ከገና አባት ጋር እንዳታምታቱት። ይሄኛው አጋዘን የለውም፣ ቦርጭም የለውም፣ "ሆ ሆ ሆ" ማለትም አያውቅም። ቀጠን ያለ ጨዋ ሽማግሌ ነው። የልጆቹ ሥራ ሁሉ የተጻፈበት ትልቅ መጽሐፍ ይዞ ይዞራል። እንዲያውም የገና አባት የእሱ ልጅ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ኒው ዮርክ ኒው አምስተርዳም በምትባልበት ዘመን የሄዱ ሆላንዳውያን ይዘውት ተሻገሩ ይባላል፣ ስሙ በእንግሊዝኛ አፍ ሲገባ ሳንታ ክላውስ ሆነ። እኛም አዲስ አበባ ላይ፣ ሆቴል በር፣ በታኅሣሥ ፀሐይ የጥጥ ጺም ለጥፎ ሲያልበው አየነው።

ሲንተርክላስ የሚገባው በኖቬምበር አጋማሽ፣ ወደ ኅዳር ሚካኤል ገደማ ነው። በእንፋሎት መርከብ፣ "ከስፔን"። በየዓመቱ አንድ ከተማ ተራ ይደርሰውና አቀባበሉ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆች ማታ ማታ ጫማቸውን ጭስ ማውጫው ስር ያስቀምጣሉ። የኛ አፓርታማ ጭስ ማውጫ የለውም፣ ራዲያተሩ ስር ነው የምናስቀምጠው። ጫማው ውስጥ ለፈረሱ ካሮት ይገባል። ልጁ ይዘፍናል፣ ይተኛል። ጠዋት ካሮቱ የለም፣ በምትኩ መንደሪን፣ ቅመም ያለባቸው ድቡልቡል ብስኩቶችና የስሙ መጀመሪያ ፊደል በቸኮሌት ተሠርቶ ይጠብቀዋል። የትልቋ ልጄ ስም በ"ጸ" ይጀምራል። እነሱ ዘንድ ጸ የለችም። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ "ቲ" ስትበላ ኖረች።

ካሮቱን ማን ይበላል? እኔ ነኛ! እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቼ፣ ጨለማ ውስጥ ቆሜ፣ ጥርሴን እንደ ፈረስ ገልጬ እገምጣለሁ። የተነከሰበት ቁራጭ ካልቀረ የሰባት ዓመቱ ልጄ አያምንም። ፈረሱ ኦዞስኔል ይባላል፣ "እጅግ ፈጣን" እንደማለት ነው። በፈረንጆቹ 2019 ነው ሥራ የጀመረው፣ የበፊቱ አሜሪጎ ጡረታ ወጥቷል። ይህን ሁሉ ማወቅ ግዴታ ነው፣ ልጁ ይፈትነኛል።

ደግነቱ ካሮት ጾም ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ የሲንተርክላስ ምሽት ጾሙ መሃል ላይ ይወድቃል። ቸኮሌቱ ወተት፣ ብስኩቱ ቅቤ። ከጠቅላላው ድግስ ለእኔ የተረፈችው የፈረሱ ራት ብቻ ናት። አንድ ጊዜ ለእናቴ በስልክ ይህን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "ጳጳስ ናቸው አላልሽም እንዴ? ታዲያ ጾሙን አያውቁትም?" አለችኝ።

ጳጳስስ ነበሩ። የሲንተርክላስ መነሻ የሆነው ቅዱስ ኒኮላስ በ4ኛው መቶ ዘመን የሜራ ጳጳስ ነበር፣ ቦታው ዛሬ ቱርክ ውስጥ ደምሬ ይባላል። በ325 በኒቅያ ከተሰበሰቡት 318 አባቶች አንዱ እንደነበረ ትውፊት ይናገራል። ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው፣ ቅዳሴ የተሰየመላቸው። ይህን ስነግራት እናቴ ድምፅዋ ተለወጠ። "እንዲያ በይኛ! የኛው ሰው ናቸዋ" አለች። ከዚያ ወዲህ "አባታችን ደረሱ?" ብላ ትጠይቀኛለች። ስጦታ ማምጣታቸው ከአንድ ታሪክ የመጣ ነው። አንድ የደኸየ አባት ሦስት ሴት ልጆቹን የሚድርበት ገንዘብ አጣ። ኒኮላስ በሌሊት የወርቅ ከረጢት በመስኮት ወርውሮ ሄደ። ሦስት ጊዜ። ማንም እንዳያየው። እኔ የምወዳት ይህችን ነው፣ በሌሊት መሆኗን። እኛ ስጦታ ስንሰጥ በሁለት እጅ፣ ፊት ለፊት፣ ምርቃቱንም እዚያው ተቀብለን ነው። ተቀባዩ ደግሞ በይሉኝታ ብድሩን ሲያሰላ ይከርማል።

ስለ ሲንተርክላስ አገልጋይ፣ ስለ ጥቁር ፒት፣ ሳልጽፍ ግን ይህን ሁሉ ማሳመር አልችልም።

እኔ እዚህ የመጣሁት በፈረንጆቹ 2012 ነው። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ። የሰፈራችንን አቀባበል ልናይ ወጣን። ከሽማግሌው ኋላ ፊታቸውን በከሰል ጥቁር የተቀቡ፣ ከንፈራቸውን ያቀሉ፣ የተጠቀለለ ሰው ሠራሽ ጸጉር የደፉ፣ ጆሯቸው ላይ የወርቅ ሎቲ ያንጠለጠሉ ሰዎች እየዘለሉ ይከተሉታል። አንዱ ለልጄ ብስኩት ዘገነላት። ቀና ብላ፣ "እማዬ፣ ሰውዬው ሐበሻ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም፣ ቀለም ተቀብቶ ነው።"

"ለምን?"

መልስ አልነበረኝም። ሰው ሲስቅ እኔም ሳቅሁ፣ እንግዳ ነኝ። በሳምንቱ ትምህርት ቤት ልጆች እሷንም "ፒት" እያሉ ጠሯት። ሄጄ ላናግር አልኩና ተውኩት። እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው በዓላቸውን ይነቅፋል ወይ አልኩ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ለካ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2011፣ ክዊንሲ ጋሪዮና ጄሪ አፍሪዬ የሚባሉ ሰዎች ዶርድሬክት ከተማ በአቀባበሉ ላይ "ጥቁር ፒት ዘረኝነት ነው" የሚል ካናቴራ ለብሰው በመቆማቸው ፖሊስ መሬት ላይ አስተኝቶ አስሯቸዋል። የመርከቡንና የጥቁር አገልጋዩን ወሬ ያስፋፋው ያን ሼንክማን የሚባል የአምስተርዳም አስተማሪ በ1850 ያሳተመው የልጆች መጽሐፍ ነው። ሆላንድ በሱሪናምና በካሪቢያን ደሴቶቿ ባርነትን የሻረችው በ1863 ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ ቀንሱት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ2019 በአገር አቀፉ አቀባበል ላይ ፒቶቹ ፊታቸው ላይ እዚህም እዚያም ጥቀርሻ ብቻ ነክቷቸው ታዩ። ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚገባ ሰው ጥቀርሻ ቢነካው ማን ይፈርዳል! በ2020 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማርክ ሩተ እንኳ ስለዚህ ነገር አስተሳሰቤ ተለውጧል አሉ። ትንሹ ልጄ የሚያውቀው ባለ ጥቀርሻውን ፒት ነው። እህቱ የድሮውን ስትነግረው፣ "ውሸትሽን ነው" አላት።

እኔን ከዚህ በዓል ጋር ያስታረቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ግጥሙ።

ትልልቆቹም ያከብራሉ። በሥራ ቦታ፣ በቤተሰብ፣ ዕጣ ይወጣል። ለደረሰህ ሰው ትንሽ ስጦታ ትገዛለህ፣ ቤት በሚመታ ግጥም ትተርበዋለህ። ከስር "ሲንት" ብለህ ትፈርማለህ እንጂ ስምህን አትጽፍም። ተቀባዩ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ ያነበዋል። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የደረሰኝ ግጥም አረፋፈዴን የሚያወራ ነበር። "ባቡሩን አትውቀሺ፣ ሰዓትሽም እንደ አገርሽ ካላንደር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው" ይላል። ፊቴ ጋለ። በዚያ ቋንቋዬ እየተንተባተብኩ የራሴን ስድብ ለራሴ አነበብኩት። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው አያቴ ትዝ ያለኝ። የገና ለት ሜዳው ላይ ዱላ ይዘው እሩሯን ሲያሳድዱ፣ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲያበሻቅጥ፣ ሎሌ ጌታውን ሲሰድብ፣ ጌታውም ጥርሱን ነክሶ ሲስቅ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። አያቴ ይህን ሲያወራ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን አደረጉኝ? እሩሯን ወደ እኔ መቷት እንጂ።

በሚቀጥለው ዓመት ዕጣው አለቃዬን ሰጠኝ። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ሰውዬው ለቡና ስንሰበሰብ ለእያንዳንዱ አንድ ብስኩት ያድልና የቆርቆሮውን ክዳን ቀጭ ያደርጋል። እኔም በሰባራ ሆላንድኛዬ፣ "ክዳንህ ከሲንተርክላስ ፈረስ ይፈጥናል፣ እኔ አገር ሦስቴ 'ብላ' ሳይባል እቃ አይከደንም" ብዬ ጻፍኩ። ቤት እንዲመታ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ቆሞ አነበበው። ጆሮው ደም መሰለ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቆርቆሮው ሦስት ቀን ክፍት ዋለ። በአራተኛው ተከደነ።

ዛሬ ማታ እንግዲህ። ጎረቤታችን ሴትዮ ሰማንያ ዓመት ቢያልፋቸውም በየዓመቱ ይህን ሥራ ለማንም አይለቁም። ከረጢቱን በራችን ላይ ያስቀምጡና በጡጫ ደብድበው ቤታቸው ይገባሉ። ይሮጣሉ ልል ነበር፣ በምርኩዝ ነው። ልጄ በሩን ሲከፍት ኮሪደሩ ባዶ ነው። ለፍጥነታቸው እስካሁን ማብራሪያ የለኝም።

ከከረጢቱ ለእኔ ካልሲና የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ግጥሙ በአማርኛ ነው። ከዚህ በፊት በአማርኛ ደርሶኝ አያውቅም። ፊደሉ የትልቋ ልጄ ነው፣ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርቷ ፍሬ። ቃሉ ግን የእሷ አይመስልም። ተነስቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

ሌሊት ተነስቼ ውሃ ልጠጣ ስል፣
ነጠላ የለበሰ ፈረስ ካሮት ይበላል።
ሲንት

እህቱ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ትንሹ ልጄ ቀና ሳይል ቸኮሌቱን ይልጣል።