ወልደገብርኤል ለምን ረዘመ?

ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ አጫጭር ሥልጠና የሚሰጥ አንድ ድርጅት ሠልጣኞቹን በድረ ገጽ መመዝገብ ጀምሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የምዝገባ ሠራተኛዋ ወደ ፕሮግራመሯ ጠረጴዛ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ሰው ይመርጣል እንዴ? ገብሬን ተቀበለ፤ ወልደገብርኤልን ግን ‹ስምዎ ከ20 ፊደል በልጧል› ብሎ መለሰብኝ።»

«እስቲ በላቲን ይጻፉትና ይሞክሩት፣ እትዬ።»

በላቲን 12 ፊደል ሆኖ ሰተት ብሎ ገባ። በአማርኛ 8 ፊደል ብቻ የሆነው ስም ነው «ረዘመ» የተባለው።

ልጅቷ የዌብ ሥራ የተማረችው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በገዛችው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ወፍራም የፒኤችፒ (የዌብ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) እና የማይኤስኪውኤል (መረጃ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ) መማሪያ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚንቁ ብዙ ናቸው፤ አይገባም። ብራውዘርና ሰርቨር (ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር) እንዴት እንደሚነጋገሩ የዚያ ዘመን መጽሐፍ የሚያስረዳውን ያህል የሚያስረዳ የዛሬ ቪዲዮ ማግኘት ከባድ ነው። ዛሬ በፍሬምወርክ (ተዘጋጅቶ በሚመጣ የኮድ ማዕቀፍ) የተሸፈነውን ሁሉ ያኔ በእጅ ያሠሩ ነበር፦ ቴልኔት (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በጽሑፍ የሚያገናኝ ፕሮግራም) ከፍተህ በ80 ቁጥር ፖርት (የዌብ መግቢያ በር) ወደ ሰርቨሩ ትገባለህ፣ «ጌት» ብለህ የገጹን አድራሻና «ኤችቲቲፒ/1.1» (የመነጋገሪያውን ደንብ እትም) ትጽፋለህ፣ በሚቀጥለው መስመር «ሆስት» ብለህ የድረ ገጹን ስም ትሰጣለህ፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር ትተዋለህ። ባዶው መስመር ከተረሳ ሰርቨሩ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ «ሆስት» ከተረሳ ደግሞ በ400፣ ማለትም «ጥያቄህ ስሕተት አለበት» በሚለው ቁጥር ይመልስሃል። ይህን በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ከሰዓት የሞከረ ሰው የኢንተርኔት ፕሮግራሚንግን መሠረት ጨብጧል።

የመጽሐፉ ጣጣ ሌላ ቦታ ነው። ደራሲው ሳይጽፈው ያለፈው አንድ እምነት አለ፤ አንድ ፊደል ማለት አንድ ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር የሚይዝ የማስቀመጫ ክፍል) ነው የሚል። ለእንግሊዝኛ ልክ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ) ውስጥ የገባው ግን በዚያው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በ3.0 እትም ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድን ቁጥር ወደ ባይት በሚቀይረው አጻጻፍ) ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። መጽሐፉ የስም ርዝመት የሚለካበት ስትርሌን የሚባለው ፈንክሽን የሚቆጥረው ባይት ነው። ገብሬ 9 ባይት ነው፣ ያልፋል። ወልደገብርኤል 24 ነው፣ ከ20 ይበልጣል። መፍትሔው ፊደል በሚቆጥረው በኤምቢ-ስትርሌን መተካት ነው፤ «ዩቲኤፍ-8» ብሎ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ በባይት የሚጻፍበትን ስልት) መንገር ግን አይዘለልም፣ በቆየ ፒኤችፒ ላይ ካልተነገረው እሱም ባይት ይቆጥራል።

ልጅቷ ይህን በትክክል አስተካከለች። በዳታቤዙ ቴብል (ሰንጠረዥ) ውስጥ ስም የሚቀመጥበትንም ኮለም (ዓምድ) ከ20 ወደ 60 አሰፋችው። ጉዳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መፍትሔውን ስትፈልግ ያገኘችው አዲስ ማስተማሪያ፣ ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት በዩቲኤፍ-8 እንዲሆን የምታዝ አንዲት መስመር ነበረችበት። ያቺን መስመር ብቻ ገልብጣ ከድሮው ኮድ ላይ ጨመረች።

በማግስቱ የቆዩት ሠልጣኞች ስም በሙሉ ወደ እንግዳ የላቲን ፊደል ተለውጦ ታየ። ከትናንት ከሰዓት ወዲህ የተመዘገቡት ደግሞ ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኑ።

ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ባልደረባ በዕድሜ ገፋ ያለ ነው። ልጅቷ ደንግጣ፣ «ጋሼ፣ ቴብሉን ሙሉ ለሙሉ ወደ ዩቲኤፍ-8 ልቀይረው?» አለችው።

«ቆይ፣ እንዳትነኪው! መጀመሪያ ምዝገባውን ዝጊው። ከዚያ ቁጠሪ።»

«ምኑን?»

«ለአንድ ፊደል ስንት ምልክት እንደወጣ።»

ይህ ጥያቄ ነው ሥራውን ያዳነው። ሰላም የምትባል ሠልጣኝ ከቆዩት መካከል ነበረች፤ በሦስቱ ፊደል ፋንታ በዘጠኝ ባይት ልክ የላቲን ዝባዝንኬ ተደርድሯል። ባይቶቹን በቁጥር ሲያስወጧቸው 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157 ሆኑ። ይህ ያልተነካ ሰ፣ ላ፣ ም ነው። በዩቲኤፍ-8 የተለመዱት ፊደሎቻችን ሁሉ የሚጀምሩት በ225 ነው፤ 225 በላቲን-1 (ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተሠራው ባለ አንድ ባይት ኢንኮዲንግ) ደግሞ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት «ኤ» (á) ናት። ስለዚህ ያቺ «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰች ካየሃት አማርኛው አልጠፋም፤ በተሳሳተ መነጽር እየታየ ነው። ከአዲሶቹ አንዱ ባለ ሦስት ፊደል ስም ግን 63 63 63 ሆኖ ወጣ። 63 የጥያቄ ምልክት ቁጥር ነው። እዚያ ውስጥ የተደበቀ ፊደል የለም።

እንዴት ሆነ? የማይኤስኪውኤል ነባሪ (ሌላ ካልተነገረው በራሱ የሚወስደው) ኢንኮዲንግ እስከ 8.0 እትም ድረስ ላቲን-1 ነበር። በመጀመሪያው ኮድ ግንኙነቱም ቴብሉም ላቲን-1 ስለነበሩ፣ ዳታቤዙ የመጣለትን ባይት ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያስቀምጥ፣ ሳይጠይቅም ይመልስ ነበር። ሁለት ስሕተቶች ተደጋግፈው ቆመው ነበር ማለት ነው። አዲሷ መስመር አንደኛውን ስታቃናው ሌላኛው ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ዳታቤዙ የመጣለት አማርኛ መሆኑን ያውቃል፤ በላቲን-1 ቴብል ውስጥ ግን ለ«ሰ» ቦታ ስለሌለው በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ጥብቅ የሚባለው ሞድ ቢበራ ኖሮ ስሕተት አውጥቶ መዝገቡን አልቀበልም ይል ነበር። በ5.7 እትም በነባሪነት እንዲበራ የተደረገው እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመከላከል ነው። የቢሮው ሰርቨር ከዚያ የቆየ ስለነበር ማስጠንቀቂያ ብቻ እየጻፈ አለፈ፤ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ማንም አላነበበውም።

ጥገናው እንዲህ ሄደ። ማይኤስኪውኤልን አስቁመው የዳታ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጡ። ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ አስነሥተው ሙከራውን እዚያ ጀመሩ። ኮለሙን ከላቲን-1 በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር፣ ልጅቷ ልታደርገው የነበረው ማለት ነው፣ የላቲኑን ዝባዝንኬ እንደ እውነተኛ ጽሑፍ ቆጥሮ ይለውጠዋል፤ ከዚያ ማረሙ እጥፍ ይከብዳል። መንገዱ በሁለት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ ኮለሙን ቋንቋ ወደማያውቀው ወደ ቫርባይነሪ መቀየር፣ ቀጥሎ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ-8፤ በማይኤስኪውኤል ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚባለውን መምረጥ ነው። ባይቶቹ ሳይነኩ የኢንኮዲንጋቸው ስም ብቻ ይታረማል። የቆዩት ሠልጣኞች ስሞች በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች ተመለሱ። የአድራሻው ኮለም ግን አስቸገረ፤ 50 ባይት ላይ የተቆረጡ ረጃጅም አድራሻዎች መጨረሻቸው ላይ ግማሽ ፊደል ተንጠልጥሎባቸው ነበር። ትርፍ ባይቶቹን ቆርጠው ከጣሉ በኋላ እሱም ተቃና። ግንኙነቱ፣ ቴብሉና ሰርቨሩ ከገጹ ጋር የሚልከው ሄደር (ስለ ገጹ የሚገልጽ መግቢያ)፣ ሦስቱም ዩቲኤፍ-8 መሆናቸውን ሳያረጋግጡ ምዝገባውን አልከፈቱም። ሄደሩን ያዩት በዚያው በቴልኔት ነው። ኢንኮዲንግ የሚባል ነገር አልተጠቀሰበትም ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤችቲቲፒ/1.1 ደንብ ደግሞ ለጽሑፍ ኢንኮዲንግ ካልተገለጸ ተቀባዩ ላቲን-1 ነው ብሎ ይውሰድ የሚል ነበር። መጽሐፉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም ያለው በዘመኑ ልማድ ነው።

ከዚህ ወዲህ ልጅቷ መጽሐፉን አልጣለችውም፤ እርሳስ ይዛ እንደገና አነበበችው። ስለ ኤችቲቲፒ፣ ስለ ፎርምና ስለ ቴብል ዝምድና የሚናገሩትን ምዕራፎች እንዳሉ ተወቻቸው። ፎንት የሚለው ታግ፣ ገጽን በቴብል መከፋፈል፣ ከ7.0 እትም ጀምሮ ከፒኤችፒ የተወገዱት የድሮ የማይኤስኪውኤል ፈንክሽኖች ባሉበት ሁሉ ኅዳጉ ላይ ምልክት አደረገች፤ ምልክት ላደረገችበት አዲሱን አሠራር ከኤምዲኤን (የዌብ ማመሳከሪያ ድረ ገጽ) እና ከፒኤችፒ ማኑዋል እያየች ጻፈችበት። የፊደል ርዝመት በተለካበት፣ ጽሑፍ በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ደግሞ «በወልደገብርኤል ሞክሪ» ይላል።

የጠፉትን ስሞች የሚመልስ ትእዛዝ አልነበረም። ስልክ ቁጥራቸው በአኃዝ ስለተጻፈ ተርፏል። እትዬ ቀፎውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ልጅቷ ኪቦርዱ ላይ ሆና አንድ በአንድ ደወሉ።

«ኃይለሥላሴ ነው ያሉኝ? ብዙኃኑ ‹ኀ› ነው ወይስ ሐመሩ? እሺ። ‹ሥላሴ› በንጉሡ ‹ሠ› ነው አይደል?»

ልጅቷ ጻፈች፣ ሴቭ አደረገች፣ ከዳታቤዙ መልሳ አነበበችው። «ገብቷል፣ እትዬ። ቀጣዩን ይደውሉ።»