ፌኖሉ አልጨመረም፣ ውሃው ነው የጎደለው

ሦስተኛው ዙር ሰላጣዬ ትናንት ተለክቶ አለቀ። ቁጥሮቹ በስንት መከራ ተስማሙ። ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ስላጣሁ ለእናንተ ልንገራችሁ።

መነሻዬ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለሙት አትክልቶች ናቸው። ቆስጣውና ሰላጣው ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው ብዙ ተጽፎበታል። ተክሉ ራሱስ ምን ይሆናል? ከእነዚህ ብረቶች አንዱ የሆነው ካድሚየም ሲያስጨንቀው ለመከላከያ ብሎ ፌኖል የሚባሉ ውህዶችን በብዛት ያመርታል ይባላል። ባልዲ በስቼ አፈር ሞላሁ፣ ግማሾቹ ላይ ካድሚየም ጨመርኩ፣ ዘራሁ። እስከዚህ ቀላል ነበር።

ጉዱ የመጣው ልኬቱ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዙር ፌኖል ሲያገኝ ሰማያዊ የሚሆነውን ፎሊን የተባለ መለኪያ ፈሳሽና ሶዲየም ካርቦኔት ጨምሬ ስጠብቅ፣ የተበከለው ናሙና ከጤነኛው ይልቅ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆነ። በ1 ግራም እርጥብ ቅጠል ጤነኛው 1 ሚሊግራም ፌኖል፣ የተበከለው 1.6። የ60 በመቶ ጭማሪ! እየተንደረደርኩ አማካሪዬ ጋ ደወልኩ።

«ደረቅ ክብደቱስ?» አሉኝ።

ዝም።

ለካ ካድሚየም ያስጨነቀው ተክል ውሃ መሳብም ያቅተዋል። የጤነኛው ቅጠል 6 በመቶ ደረቅ ነገር ሲኖረው የዚያ ምስኪን 9 በመቶ ነው። በ1 ግራም ደረቅ ቅጠል ሳሰላው ጤነኛው 16.7፣ የተበከለው 17.8 ሚሊግራም መጣ። ያ ሁሉ ጭማሪ 7 በመቶ ገደማ ሆኖ ቀረ። ይባስ ብሎ ጤነኛው ሰላጣ 100 ግራም ሲመዝን የተበከለው 40 ነው። በአንድ ተክል ከቆጠርነው ፌኖሉ ከ100 ወደ 64 ሚሊግራም ወርዷል ማለት ነው። ሦስተኛው ዙርም ይህንኑ ደገመልኝ።

ከአሁን በኋላ ደረቅ ክብደት ሳይጽፍ «ጨመረ» የሚለኝን ሰው አላምንም። ቅጠሉን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ለሚዛን ብቻ ኦቭን ይግባ፣ ሌላው ፌኖሉን እንዲያወጣ ወዲያው ሜታኖል የተባለ አልኮል ውስጥ ይነከር። ኦቭን የገባውን ለፌኖል አትለኩት፤ ሙቀት ያበላሸዋል። እኔ ለክቼው አንድ ሳምንት ከስሬያለሁ። ፎሊን ቫይታሚን ሲንም አብሮ ይቆጥራል፤ እሱን ገና አልፈታሁትም፣ ስለዚህ ብዙ አልመክርም።

ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ በአጥር ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ከዚያ ሰላጣ ትንሽ ብትቆርጥልኝ ምናለ?» አሉኝ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል የሚፈቅደው ካድሚየም በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው፤ ይህን በምን አፌ ላስረዳ? «መርዝ ነክቶታል» ብዬ ተገላገልኩ። አፈሩ ግን እስካሁን በላስቲክ ታስሮ በረንዳዬ ላይ ተቀምጧል። የሚረከበኝ አላገኘሁም።