ደርሶኛል፣ ልጄ

ለጥምቀት ጎንደር ስገባ አገሬን ካየሁ 6 ዓመት ሞልቶኝ ነበር። አዘዞ የተቀበለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ እየጫነ «እማ ትንሽ ደክሟታል፣ ብዙ አታስወራት» አለኝ። ድካም እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንድ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነበርሁ። ሥራ አስኪያጁም የጎንደር ልጅ ነው። በሳምንት 55 ሰዓት እሠራ ነበር። ከ40 ሰዓት በላይ ያለው በአንድ ተኩል እጥፍ እንደሚከፈል የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ጠየቅሁ። ወዲያው ሺፍቴ ተቀነሰ፣ ቀጥሎ ሌሊት ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሰውዬው ጓዳ ጠራኝ። ሻይ ቀድቶልኛል።

«ወንድሜ፣ ራስህ ብትለቅ ይሻልሃል። እኔ ካባረርሁህ ሌላ ቦታ ማን ይቀጥርሃል?»

ደብዳቤዋ ሁለት መስመር ናት። በግል ምክንያት ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ትላለች። በራሱ እስክሪብቶ ፈረምሁ፣ ሻዩን ጨረስሁ፣ አመስግኜው ወጣሁ። ማመስገኔ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እዚያ አገር ያለ ጥፋቱ ከሥራ የተባረረ ሰው አንኢምፕሎይመንት የሚሉት ገንዘብ ያገኛል። በፈቃዱ የለቀቀ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም። አሠሪው ደግሞ ያባረራቸው ሰዎች ያንን ገንዘብ በወሰዱ ቁጥር የሚከፍለው ታክስ ሊጨምርበት ይችላል። ሻዩ ለምን እንደተቀዳ የገባኝ ሁለት ወር ያለ ሥራ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ተነሣ። «ካዝና ጎድሎበት ነው። ንጹሕ ቢሆን ለምን ይፈርም ነበር?» ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተጀምሮ በስልክ ጎንደር ገባ። እኔ የማውቀው ነገር የለም። ኡበር እየነዳሁ ለእማ በየወሩ እልካለሁ፤ እሷም «ደርሶኛል፣ ልጄ» ትለኛለች። ሌላ ቃል የላትም።

የከተራ ዕለት ቡና ተፈላ። አቦል ወረደ፣ ቶና ወረደ፣ ጎረቤት አልመጣም። ስድስት ዓመት ጠፍቶ ልጅ በመጣበት ቤት! ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ የክረምቱ ውኃ ካርታ ሥሏል። የጣሪያ ብር ልኬ ነበር።

«እማ፣ ቆርቆሮው ለምን አልተቀየረም?»

ተነሥታ ሳጥኗን ከፈተች። ባሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ብር አወጣች፣ በመቀነት ጠፍራ ያሰረችው። ከ1 ዓመት በላይ የላክሁት ነው። በአባቴ ጡረታ ስትኖር ቆይታለች።

«ባለቤቱ ከመጣ ይመለስለት ብዬ ነው» አለች። «አንዲት አልነካሁም።»

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ስልኬ ላይ ያነሣሁትን ደብዳቤ ፈልጌ ባማርኛ አነበብሁላት።

«ሰረቀ የሚል የታለ?»
«የለም።»
«ጎደለ የሚልስ?»
«እሱም የለም።»
«ታዲያ ምን ብለህ ፈረምህ?»
«ሻይ ጋብዞኝ።»

ሳቀች። ከመጣሁ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ቀጥላ አለቀሰች፣ በዚያው ነጠላ ዓይኗን ጠረገች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ጠበቃ ደወልሁ። ሜሪላንድ ላይ የስም ማጥፋት ክስ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሥራ ከለቀቅሁ 14 ወር ሆኖኛል፤ በዚያ ላይ ለምስክርነት የሚቆምልኝ ማን ነው? ወሬ የሰማ እንጂ ያወራ አይገኝም። የኦቨርታይሙ፣ ያልተከፈለኝ የትርፍ ሰዓት ክስ፣ ግን ጊዜው አላለፈም፣ እሱን ጀምሬዋለሁ።

ቃና ዘገሊላ ሲያልፍ አራዳ ወርደን ቆርቆሮ ገዛን። ብሩን ቆጥራ የከፈለች እማ ናት። በጋሪ አስጫነችና ባለጋሪውን በጎረቤቶቻችን በር አዙራ ወሰደችው። የቤታችን መንገድ በዚያ አልነበረም።